አንደኛ ቤዝ ላይ የቀረው ሠላሳ አራተኛ

ኩራሞቺ ያን ቀን ጫማውን ሲያስር ማሰሪያው ሁለት ጊዜ ከእጁ አመለጠው። ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው። አሥራ ስድስቱን ዓመት በማይዙሩ ቀበሮዎች የቤዝቦል ማልያ፣ መቺው ሮጦ መጀመሪያ የሚረግጠው አንደኛ ቤዝ ላይ ቆሞ አሳልፏል፤ ቀኝ ጉልበቱ ደረጃ በወጣ ቁጥር እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። ኳስ ከአጥር ማዶ በመስደድ፣ በሆም ራን ማለት ነው፣ ሦስት ጊዜ የአገሩ ሁለተኛ ሆኗል። አንደኛ ሆኖ ግን አያውቅም። የሠፈሩ ዓሣ ነጋዴ ሳይቀር «ሁለተኛው» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ ፊት ለፊት ሲጠራው ደግሞ አያፍርም፣ ጭራሽ ምርቃት አድርጎ አንዲት ዓሣ ይጨምርለታል።

ዛሬ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነው። ኩራሞቺ ሠላሳ ሦስት ሆም ራን አለው። የቶዮካ ሽመላዎች ቡድኑ ሺዮዛዋም ሠላሳ ሦስት አለው። ዕድል ስትቀልድ ደግሞ ሁለቱን ቡድኖች በመጨረሻው ቀን እርስ በርስ አገናኘቻቸው። ዋንጫው ከወር በፊት ባለቤቱን አግኝቷል፤ ዛሬ ማን አሸነፈ ማን ተሸነፈ ግድ የሚሰጠው ሰው የለም። ሕዝቡ ሜዳውን የሞላው አንድ ነገር ሊያይ ነው፦ የዘንድሮው የሆም ራን ንጉሥ ማን እንደሚሆን።

ለኩራሞቺ ነገሩ ከስም በላይ ነበር። የክለቡ ሰዎች ለነገ ጠዋት ቢሮ ጠርተውታል። ለምን እንደተጠራ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም፤ በዚህ ዕድሜው የተጠራ ተጫዋች እቅፍ አበባ ይሰጠውና በክብር ይሸኛል። ንጉሥ የሆነን ሰው ግን የትኛውም ክለብ ደፍሮ አያሰናብትም፤ ቢያንስ አንድ ዓመት ይጨመርለታል። ኩራሞቺ ያችን አንድ ዓመት ፈለጋት። ከቤዝቦል ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለውም፤ ደግሞም ሁለተኛ ሆኖ መሸኘት አንገሽግሾታል።

ጨዋታው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው አሰልጣኙ ኦጋታ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። ኦጋታ ነገር ማሽሞንሞን የማይወድ፣ ድምፁ ጎርናና፣ ሆዱ ሰፊ ሰው ነው።

«ሺዮዛዋን አንዲት ኳስ እንዳታስነኩት!» አለ። «አምስት ጊዜ ዱላ ይዞ ቢመጣ አምስቱንም በነፃ አሳልፉት። ኩራሞቺ አሥራ ስድስት ዓመት ጉልበቱን ሰጥቶናል፤ ዛሬ እኛ ደግሞ እንሰጠዋለን። ገባችሁ?»

«ገባን!» አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በዓመቱ ማለቂያ ላይ እያንዳንዱ ቡድን ለራሱ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ወርዋሪው አራት ኳስ ዱላ ወደማይደርስበት ቦታ ይወረውራል፤ መቺው ሳይመታ በነፃ ወደ አንደኛ ቤዝ ይራመዳል፤ በቃ። ሕዝቡ በየዓመቱ ይሳደባል፣ በየዓመቱ ይረሳል። ኩራሞቺም ባለፉት ዓመታት በስንቱ ላይ ሲደረግ አይቶ አንድ ቀን እንኳ አልከፋውም ነበር። የዛሬው ለራሱ ሲሆን ግን ጆሮውን አቃጠለው። እምቢ ማለት የነበረበት ያኔ ነው። አላለም፤ ጎንበስ ብሎ «አመሰግናለሁ» አለ።

«ጋሼ፣ ሐሳብ አይግባዎት፤» አለው ኒሺዋኪ፣ የዕለቱ ወርዋሪ። ኒሺዋኪ ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። «ትናንት ቢራችንን አጋጭተን ሁላችንም ተማምለናል። እኔ እያለሁ ያ ልጅ ኳስ አይነካም።»

በመጀመሪያው ዙር ሺዮዛዋ ዱላውን ይዞ ሲመጣ የማይዙሩ ተቀባይ፣ ከመቺው ኋላ ኳስ የሚይዘው፣ ከቁጢጡ ብድግ ብሎ ቆመና ጓንቱን ወደ ጎን ዘረጋ። ሕዝቡ ገባው። ከሠላሳ ሺህ ጉሮሮ አንድ ረጅም «ኧረ ተዉ!» ወጣ። አራት ኳስ ወደ ጎን ተወረወረ፤ ሺዮዛዋ ዱላውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረና ወደ አንደኛ ቤዝ ተራመደ። እዚያ የሚጠብቀው ማን ነው? ኩራሞቺ።

ልብ በሉ፤ ሁለቱም የወጡት ከአንድ ትምህርት ቤት ነው፣ ከካሱሚ፣ በአሥራ ሦስት ዓመት ልዩነት። የካሱሚ ልጅ ደግሞ ታላቁን ሲያገኝ ኮፍያውን ነክቶ ጎንበስ ሳይል አያልፍም። በብስክሌት ላይ ቢሆንም ጎንበስ ይላል፣ አፉ ሩዝ ሞልቶ ቢሆንም ጎንበስ ይላል። ኩራሞቺ በተማሪነቱ ይህን የረሱ ስንት ታናናሾቹን ሜዳውን ሃምሳ ዙር አስሩጧል።

ሺዮዛዋ ቤዙ ላይ ደረሰና ኮፍያውን ነክቶ ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ደህና። ቶዮካ እንዴት ነው?»

«መብረድ ጀምሯል። ጉልበትዎ ተሻለው?»

«የኔ ጉልበት ምን ይሻለዋል ብለህ ነው» አለ ኩራሞቺ። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዙረው፣ አንድ ጠባብ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች፣ ጎን ለጎን ቆሙ።

የባሰው የመጣው የኩራሞቺ ተራ ሲደርስ ነው። ሽመላዎቹም ብድሩን መልሰው በነፃ ያሳልፉኛል ብሎ ነበር የጠበቀው፤ እውነቱን ለመናገር ቢያደርጉት እፎይ ባለ። አላደረጉትም። የቶዮካ ወርዋሪ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ መሐል ለመሐል የሚሄድ ኳስ ወረወረለት። «ከቻልክ እንካ» ማለት ነው። ኩራሞቺ ባለ በሌለ ኃይሉ መታው፤ ኳሱ ሽቅብ ወጥቶ ወጥቶ ሰው ጓንት ውስጥ ገባ። በሁለተኛው ተራው እስከ አጥሩ ሥር አደረሰው፤ ሕዝቡም ተነሥቶ ነበር፤ እሱም እዚያው ተያዘ። በሦስተኛው ሦስት ጊዜ አየር ቀዝፎ ተመለሰ። ዱላው ያን ቀን የእሱ አልነበረም።

ሺዮዛዋ ግን በነፃ መጣ፣ በነፃ ሄደ፣ በነፃ መጣ። በሦስተኛው ጊዜ ዱላውን ገልብጦ ቀጭኑን ጫፍ ወደ ላይ አድርጎ ቆመ፤ ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። መንደሪን መወርወር ተጀመረ፣ ከዚያ የወንበር ትራስ፣ ከዚያ የሻይ ጠርሙስ። ከአንደኛ ቤዝ በስተጀርባ የተቀመጠ አንድ የወደብ ሠራተኛ ጉሮሮው እንደ መርከብ ጥሩምባ ነው፤ አልደክም አለ።

«ኩራሞቺ! ዘውዱን በፖስታ አይልኩልህም እንዴ? ምን አለፋህ?»

«ተው እንጂ፣ የኛው ሰው ነው!» አለው አንዱ።

«የኛው ስለሆነ አይደል የማፍረው! እኔ ጨዋታ ላይ ነኝ ወይስ ቀብር ላይ?»

ኩራሞቺ ጆሮ ዳባ ልበስ ለማለት ሞከረ። አልሆነለትም፤ እስከ አንገቱ ድረስ ቀላ።

በሰባተኛው ዙር ሺዮዛዋ ለአራተኛ ጊዜ በነፃ መጥቶ ጎንበስ ካለ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ ቅድም ዱላውን የገለበጥኩት እርስዎን ለመዝለፍ አይደለም።»

«ታዲያ ማንን ነው?»

«ሰልችቶኝ ነው።» ደግሞ ጨመረ። «ዛሬ ወርዋሪው እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ ይወረውሩልኝ ነበር። አይደል?»

ኩራሞቺ ጓንቱን በጡጫው መታ መታ አደረገ። ልጁ ግን መልስ እንዳገኘ ሰው ራሱን ነቀነቀና ከቤዙ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ለሩጫ ተዘጋጀ።

ዘጠነኛው፣ የመጨረሻው ዙር መጣ። ቀበሮዎቹ ስድስት ለአራት እየመሩ ነው፤ ሽመላዎቹ ሁለት ሰው ወጥቶባቸዋል፤ ሦስተኛው ከወጣ ጨዋታው ያልቃል። አንድ ብቻ ሲቀራቸው ሦስቱም ቤዞች በሽመላዎች ተሞሉ። ዱላውን ይዞ የመጣው ሺዮዛዋ ነው። አሁን በነፃ ማሳለፍ ማለት ከፊት ያሉትን ሁሉ አንድ ቤዝ ወደፊት ገፍቶ በገዛ እጅ ነጥብ መስጠት ማለት ነው። ሰው ሁሉ ወደ ኦጋታ አየ። ኦጋታ ከመቀመጫው ሳይነሳ በእጁ ወደ ጎን አመለከተ፦ አሳልፉት።

ሜዳው ላይ የተነሳው ድምፅ ጩኸት አልነበረም፤ ማጉረምረም ነበር፣ እሱ ደግሞ ይብሳል። የወደብ ሠራተኛው እንኳ መሳደቡን ትቶ «ኧረ ባካችሁ…» አለ፤ ለምኖ።

ኩራሞቺ ቤዙን ትቶ ወደ ወርዋሪው ጉብታ ሄደ። ለምን እንደሄደ ግማሽ መንገድ እስኪደርስ ድረስ ራሱም አላወቀም።

«ወርውርለት» አለ።

ኒሺዋኪ ዓይኑን አፈጠጠ። «ምን?»

«ወርውርለት አልኩህ። ያለህን ፈጣኑን።»

«ጋሼ፣ ተማምለናል እኮ! ኦጋታ በቁሜ ነው የሚቀብረኝ!»

«የማላችሁት ለኔ አይደል? እኔ ፈታኋችሁ። ከጠየቀህ ኩራሞቺ አስገደደኝ በለው።»

«ቢመታውስ?»

«ከመታው መታው።»

«ይሄን ሲሉ እኮ ከንፈርዎ ደርቋል፣ ጋሼ» አለ ልጁ።

«አፍህን ዝጋና ወርውር።»

የመጀመሪያው ኳስ መሐል ለመሐል ሲገባ ሺዮዛዋ ራሱ ስላላመነ ዱላውን ያወዛወዘው ዘግይቶ ነው፤ ሳተ። ሕዝቡ ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ኦጋታ ከቡድኑ መቀመጫ ጥላ ሥር ወጥቶ እጁን እያወናጨፈ ይጮኻል፤ ምን እንደሚል የሚሰማው የለም። ኒሺዋኪ ወደዚያ ላለማየት ጀርባውን ሰጠው።

ሁለተኛውን መታው። ኳሱ በግራ በኩል እየከነፈ ወጣ፣ ወጣ፣ ከመስመሩ ጋር እኩል ሄደ። ኩራሞቺ እዚያች ቅጽበት ላይ ስለ ራሱ አንድ ነገር አወቀ። ወርውርለት ያለው እሱ ነው፤ አሁን ግን አንጀቱ እስኪቆረጥ ድረስ የሚለምነው «ሳት፣ ሳት፣ እባክህ ሳት!» እያለ ነው። ኳሱ በመስመሩ ጫፍ ካለው ምሰሶ ውጪ በክንድ ርቀት አልፎ ወደቀ፤ አልተቆጠረም። ኩራሞቺ እፎይ አለ፤ እፎይታው ደግሞ አሳፈረው።

ሦስተኛው ላይ ምንም የሚያከራክር ነገር አልነበረም። ዱላው ኳሱን ሲያገኘው የወጣው ድምፅ ደረቅና አጭር ነበር፤ አሥራ ስድስት ዓመት የሠራበት ሰው ድምፁን ሰምቶ የት እንደሚወድቅ ያውቃል። ኩራሞቺ ኳሱን ዞሮ አላየውም። ከመሐል አጥር ማዶ፣ የቢራ ማስታወቂያው ላይ ወደቀ። ሠላሳ አራት። ኩራሞቺ ተራው ደርሶ ዱላ እስኪይዝ ገና አምስት ሰው ከፊቱ አለ፤ ጨዋታው አይጠብቀውም። አለቀ።

ሆም ራን የመታ ሰው ቤዞቹን ሁሉ ረግጦ መዞር አለበትና ሺዮዛዋ እየሮጠ መጣ። ፊቱ የልጅ ፊት ሆኗል። አንደኛው ቤዝ ጋ ሲደርስ ከጎን የቆመውን ኩራሞቺን አየ፤ እጁ ሳያስበው ወደ ኮፍያው ሄደ፤ ሩጫውን ሳያቆም ጎንበስ አለ። እንደ ካሱሚ ልጅ። ጎንበስ ሲል እርምጃው አጠረ፤ እግሩ ከቤዙ አንድ ጣት ወደ ውስጥ አፈሩ ላይ አረፈና ቤዙን ዘሎ አለፈ።

ኩራሞቺ አየ። ነጩ ቤዝ ላይ ምንም አልተነካም፤ የጫማው ምልክት አጠገቡ አፈሩ ላይ ታትሟል። ሌላ ያየ ሰው አንድ ብቻ ነው፣ የአንደኛው ቤዝ ዳኛ። ዳኛው ምልክቱን አየ፣ ቀና ብሎ ኩራሞቺን አየ፣ ከዚያ ፊቱን እንደ ግድግዳ አደረገው። ዳኛ ካልተጠየቀ አይናገርም፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ቀጣዩ ኳስ እስኪወረወር ድረስ አንድ የማይዙሩ ተጫዋች ኳስ ይዞ ቤዙን ረግጦ «አልነካም» ካለ፣ ሆም ራኑ እንዳልነበረ ይሆናል። የሦስቱ ሯጮችና የመቺው፣ አራቱም ነጥብ ይሰረዛል። ሠላሳ አራተኛው ሠላሳ ሦስት ይሆናል። ሁለት ንጉሥ ይኖራል።

ሺዮዛዋ ሁለተኛውን ዞረ፣ ሦስተኛውን ዞረ። የማይዙሩ ሕዝብ የራሱን ቡድን መሸነፍ ረስቶ ያጨበጭብለታል። ኒሺዋኪ ጉብታው ላይ ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በጓንቱ ሸፍኗል። ኦጋታ አንድ የውኃ ባልዲ በእርግጫ መትቶ እግሩን ይዞ ያነክሳል።

ኩራሞቺ ቤዙን እያየ ቆመ። ሕግ ሕግ ነው፣ አለ በልቡ። እኔ አልሠራሁትም፤ ዓይኔ አየ፣ አለቀ። የሳተው ለኔ ሲሰግድ ነው፣ አለ ደግሞ። ቢሆንስ? ስገድ ብዬዋለሁ? ያን ምስኪን ኒሺዋኪንስ ማን ያድነው፤ እኔ አይደለሁ ጉድጓድ ውስጥ የከተትኩት? ምክንያት ከፈለጉት አይጠፋም፤ ተሰልፎ ይመጣል። ከሁሉም ምክንያቶች ጀርባ ግን ነገ ጠዋት የተጠራበት ቢሮና እቅፍ አበባው ነበሩ። ዝም ማለት ቀላል ነበር፤ መቆም ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አዲስ ኳስ ለኒሺዋኪ ተሰጠ። ዋናው ዳኛ «ቀጥሉ!» አለ። ኒሺዋኪ ሊወረውር እጁን አነሳ።

«ኒሺዋኪ!» አለ ኩራሞቺ። «ኳሱን ወደኔ!»

ኳሱ ጓንቱ ውስጥ ገባ። ቤዙን ረገጠ።

«ምንድነው?» አለ የአንደኛው ቤዝ ዳኛ።

«መቺው ቤዙን አልረገጠም።»

ዳኛው ከሚገባው በላይ ጠበቀ። ምናልባት ቃሉን እንዲመልስ ጊዜ እየሰጠው ይሆናል፤ ምናልባትም ይህ የኩራሞቺ ሐሳብ ብቻ ነው። ከዚያ ጡጫውን ወደ ላይ አነሳ።

«አውት! ወጥቷል!»

የቶዮካ አሰልጣኝ እንደ እብድ እየሮጠ ወጣ፤ ዳኛውን በደረቱ ሊገፋ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ዞሮ ሺዮዛዋን «ረግጠሃል አልረገጥክም? ንገራቸው!» ሲል ጮኸበት።

«አልረገጥኩም» አለ ሺዮዛዋ።

ሰሌዳው ላይ የተሰቀሉት ነጥቦች አንድ በአንድ ወረዱ። ስድስት ለአራት፤ ጨዋታው አለቀ። ቀበሮዎቹ ከየጥጉ ሮጠው ኩራሞቺን ከመሬት አነሱት። ኦጋታ እያነከሰ መጥቶ በሁለት እጁ ፊቱን ይዞ «የንስር ዓይን! የንስር ዓይን ነው ያለህ!» እያለ አለቀሰ። ኒሺዋኪ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ «አዳኑኝ ጋሼ፣ አዳኑኝ» ይላል። ከሕዝቡ የሚያጨበጭብም ነበር። የወደብ ሠራተኛው ግን ቀኑን ሙሉ ያልዘጋውን አፉን ዘግቶ፣ ትራሱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ወደ መውጫው እየሄደ ነው። ኩራሞቺ ከትከሻ ላይ ሆኖ አየው፤ ምነው በሰደበኝ አለ።

ከሜዳው ወደ ልብስ መቀየሪያው በሚወስደው መተላለፊያ ላይ ሺዮዛዋ ዕቃውን በትከሻው አንግቶ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ ጋሼ።»

«ላንተም። ግማሹ ያንተ ነው» አለ ኩራሞቺ። ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ፈልጎ የልጁ ጫማ ላይ አሳረፈው። «ሕጉ… ሕጉ እንደዚያ ስለሆነ ነው።»

«አውቃለሁ። ትክክል ነው ያደረጉት።»

«በደስታው መሐል አላወቅከውም ነበር። በማንም ላይ ይደርሳል።»

«ኧረ አውቄዋለሁ» አለ ሺዮዛዋ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ሒሳብ ተሳስቶ የት ላይ እንደተሳሳተ እንደሚያስረዳ ተማሪ ነበር የሚናገረው። «እግሬ አፈር እንደረገጠ ተሰምቶኝ ነበር። ልመለስ ብዬ ዞር ስል እርስዎ ምልክቱን ሲያዩት አየሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተመለስክም?»

«ያዩት እርስዎ ነበሩ እኮ፣ ጋሼ። እርስዎ ካዩትማ ችግር የለም ብዬ ሮጥኩ።»

ይህን ብሎ ዕቃውን ወደ ሌላኛው ትከሻው አዛወረና ወደ ቡድኑ አውቶቡስ ሄደ። ኩራሞቺ ሁለት እርምጃ ተከተለው፤ ነገር ግን ጋዜጠኞቹ ከመተላለፊያው ጫፍ ብቅ ብለው «ንጉሥ! ንጉሥ ኩራሞቺ!» እያሉ መጡ፣ ካሜራቸውንም አነጣጠሩ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ስም እስኪጠሩት ጠብቋል። ማልያውን አስተካክሎ ወደ እነሱ ሄደ።